ወደ አሶሳ ለጉባኤ፣ ወደ መንጌ ለሐዋ

ደብረ ብርሃን ላይ አሶሳን አውቃለሁ የሚል ሰው እምብዛም አይገጥመኝም። «ሱዳን ጠረፍ ያለው ነው አይደል?» ይሉኛል፤ ስለ ሙቀቱ አንድ ሁለት ነገር ይጠይቁኝና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ኖሬበታለሁ። የኬሚስትሪ ዲግሪዬን የያዝኩት እዚያ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ግን ተመልሼ አላየሁትም ነበር።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። የምሩቃን ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ ያለ ሰው፣ ዓመታዊው ጉባኤ ቅዳሜ እንደሚካሄድ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዷ ስለሆንኩ ለተማሪዎቹ አሥር ደቂቃ እንድናገርና ሽልማት እንድሰጥ ጠየቀኝ። ሳላስበው «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሐዋ ትዝ ያለችኝ። ሐዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበረች፤ ከአሶሳ ብዙም ያልራቀችው የመንጌ ልጅ፣ በብሔር በርታ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበተች። የተሰናበተችው በእኔ ጥፋት ነው። እንዴት እንደሆነ ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ረቡዕ

የምሠራው በከተማችን የውኃ አገልግሎት ነው፤ የውኃ ናሙና እመረምራለሁ። ፈቃድ ሞልቼ ወጣሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። በሩን ቆልፌ ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ። «በሰላም ግቢ» የሚለኝ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት ያን ጊዜ አይደለም፤ ግን መንገድ ሲወጡ ነገሩ ይከብዳል።

ያው የእኛ ነፋስ ፊት ይገርፋል። ሹራብ ደርቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሚኒባስ ላይ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ለሌሊቱ አውቶቡስ እንዲቀርበኝ ብዬ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። እራት ልበላ ከታች ካለው ምግብ ቤት ገባሁና ሽሮ አዘዝኩ። አስተናጋጁ ከፊቴ ያለውን ወንበር በእጁ ይዞ «የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም።»

ወንበሩን አንሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ወሰደው። እዚያ ስድስት ሆነው እየተሳሳቁ ይበሉ ነበር። ሽሮዬ ጥሩ ነበር፤ ግን ግማሹን ትቼው ተነሣሁ።

ሐሙስ

አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሣ። አምቦን እስክናልፍ አንቀላፍቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍተሻ በዛ። አንድ ቦታ ላይ ሁላችንም ወረድን፤ ወንዶች በአንድ መስመር፣ ሴቶች በሌላ መስመር ተሰልፈን መታወቂያ አሳየን። ፈታሿ ሴት የእኔን አገላብጣ አይታ «ከደብረ ብርሃን እስከ አሶሳ? ብቻሽን?» አለችኝ። ስብሰባ አለብኝ አልኳት። «አይዞሽ» ብላ መለሰችልኝ። ምን ሆኜ እንደታየኋት አላውቅም።

ነቀምቴ ላይ አደርን። ከተማው አረንጓዴ ነው፤ የእኛ ምድር በግንቦት ደርቆ ግራጫ ሲሆን እዚያ ሣሩ ሁሉ የታጠበ ይመስላል። ያረፍኩበት ቤት ውኃ አልነበረውም። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ አማርኛ እምብዛም አይችሉም፤ በእጃቸው «ቆዪ» ብለውኝ ገቡና አንድ ባልዲ የሞቀ ውኃ ራሳቸው ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። ልቀበላቸው ስል እጄን ገፉት። «ገለቶማ» አልኳቸው፤ ከኦሮምኛ የማውቀው ምስጋናዋን ብቻ ነው። ሳቁና ብዙ ነገር በኦሮምኛ ነገሩኝ፤ አንዱንም ሳልረዳ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ። በዚያ ቀን ከሰው ጋር ያወራሁት ረጅሙ ወሬ ያ ነው።

ዓርብ

ከጊምቢ ወዲያ ጎማ ፈነዳብን። ትርፍ ጎማው ራሱ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ረዳቱ በሞተር ሳይክል ተጭኖ ወደ ኋላ ሄደ፤ እኛ ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቀረን። ከበላያችን ካለው ቤት አንዲት ሴት በርጩማ ይዛ ወረደች። መጀመሪያ ለአንዲት ነፍሰ ጡር አስቀመጠች፤ ተመልሳ ሄዳ ሌላ አመጣች፤ ቀጥሎ የተቀቀለ ስኳር ድንች በሰፌድ ይዛ መጣች። ተሳፋሪው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ጥላ ፈልጎ ነበር። እኔ የምሄድበት ጥላ ስላጣሁ ሰፌዱን ተቀብዬ ለሰው አዞርኩላት። ሥራ ማግኘቴ ደስ አለኝ።

ባምባሲ ላይ አጠገቤ የነበረው ሰው ወርዶ አንድ እናት ተቀመጡ። እማማ ዘሐራ ይባላሉ። አሶሳ ነው ቤታቸው፤ ባምባሲ ልጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ ነው። ገና ቁጭ ከማለታቸው ሹራቤን በሁለት ጣት ይዘው «ኧረ አውልቂው ልጄ፣ እዚህ በሱ ትቀቀያለሽ!» አሉ። የወሎ ቅላፄያቸው ትናንት የመጡ ያህል ነው። በደርግ ጊዜ ከባላቸው ጋር በሰፈራ መጥተው፣ ጫካ መንጥረው፣ ጎጆ ቀልሰው እዚሁ አረጁ።

«ወሎ አይናፍቅዎትም?» አልኳቸው።

«ምኑ? የሚናፍቀኝ ሰውየው ነው። ሰውየው ደግሞ እዚሁ ነው የተቀበረ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና «ማረፊያ አለሽ ወይ?» አሉኝ። ሆቴል ተይዞልኛል አልኳቸው። «ቢሆንም ካጣሽ መስጊዱን አልፈሽ የዘሐራን ቤት ጠይቂ» አሉኝ።

አሶሳ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ከላዬ ወደቀ። ከተማው ሰፍቷል፤ አስፋልት በዝቷል፤ ማንጎው ግን ያው ነው፤ በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መሬት ላይ ወድቆ ሰው እየረገጠው ያልፋል። ደብረ ብርሃን አንዱን ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ነው የሚሸጡት።

ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ መዝገቧን አየች። «መሠረት... አዎ አለ። ግን መሠረት ገብቷል እኮ።»

«መሠረት እኔ ነኝ።»

«የገባው ወንድ ነው።»

ለጉባኤው የመጣ ሌላ መሠረት ነበር። ልጅቷ አዘነችልኝ፤ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘዋል። የማኅበሩ ጸሐፊ ስልኩን አያነሣም። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ባጃጅ ጠርቼ መስጊዱን አልፈን የዘሐራን ቤት ጠየቅን።

እማማ ዘሐራ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ «አብሽሪ!» አሉ፤ ምን እንደገጠመኝ እንኳን አልጠየቁም። የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። ባሚያውን መሥራት ያስተማረቻቸው በርታ ጎረቤታቸው መሆኗን ነገሩኝ። የራሳቸውን አልጋ አነጠፉልኝ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም።

«እዚህ አገር ማን አለሽ?» አሉኝ።

«መንጌ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ።»

«መምጣትሽን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ፍራሻቸውን ማስተካከል ቀጠሉ።

ቅዳሜ

በማለዳ ወደ ግቢው ሄድኩ። በእኛ ጊዜ ችግኝ የነበሩት ዛፎች ሕንፃውን አልፈውታል። ጥበቃው መታወቂያዬን ያዘና «እንግዳ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። «እኔ እኮ እዚህ ነው የተማርኩት» አልኩት። «ቢሆንም ዛሬ እንግዳ ነዎት» አለ፤ በትሕትና ነው ያለው።

ጉባኤው እስኪጀመር ወደ መኝታችን ሕንፃ ሄድኩ። አሁንም ሴቶች ይኖሩበታል። ደጁ ላይ ልብስ የሚያጥቡ ልጆች ሰላም ብለውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ያለ ሥራ ላለመቆም ስልኬን የማይ መሰልኩ።

እንዲህ ነው የሆነው። ሁለተኛ ዓመት የመጨረሻ ፈተና ሳምንት ሐዋን ወባ ጣላት። ተንቀጠቀጠች፣ አስታወካት፤ ሦስት ፈተና አመለጣት። ክሊኒኩ የሕክምና ማስረጃ ጻፈላት፤ ያ ወረቀት ከማመልከቻ ጋር በሰባት ቀን ውስጥ ሬጅስትራር ቢገባ ያመለጧትን ፈተናዎች ሌላ ጊዜ መፈተን ትችል ነበር። አባቷ መጥተው ወደ መንጌ ሊወስዷት ሲሉ ወረቀቱንና ማመልከቻውን እጄ ላይ አስቀምጣ «አንቺ አስገቢልኝ» አለችኝ። እኔም ፈተና ላይ ነበርኩ። የሒሳብ ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ነገ ነገ እያልኩ ረሳሁት። ሳገኘው ቀኑ ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖታል።

መርሳት ለሰው የሚነገር ነገር ነው። እኔ ግን ስትደውልልኝ «አስገብቼው ነበር፤ አልተቀበሉትም» አልኳት። «ሰውየው ምን አለሽ?» ስትለኝ ሰውየው ያላለውን ሁሉ ፈጠርኩ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለኝ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር፣ ባለመሥራቱ ቀለል አለኝ።

ወደ አዳራሹ ስገባ የእኛን ክፍል ልጆች በዓይኔ ፈለግኩ። አንድም አልመጣም። የፊት ወንበር ላይ «አቶ መሠረት» የሚል ካርድ ነበር፤ የእኔ ካርድ አልነበረም። አቶ መሠረት ክፍሌን የወሰዱት ሰው ናቸው፤ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ቀላ፤ ተነሥተው ወንበራቸውን ሰጡኝና ራሳቸው ከኋላ ተቀመጡ።

ንግግር በዛ። አንዱ ተናጋሪ ስለ ምሩቃን ትስስር ሲናገሩ መብራት ጠፋ፤ ያለ ማይክሮፎን እየጮኹ ቀጠሉ። የኋላው ወንበር በወረቀት እያራገበ ያንቀላፋል። የእኔ ተራ ሲደርስ የመድረክ መሪው ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ሰዓት ሄዷል፤ አምስት ደቂቃ» አለኝ።

ሦስት ገጽ ጽፌ ነበር። ሁለቱ ስለ ትጋት፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ችግር፣ ስለ ውኃ ምርመራ ሥራዬ ነው። ሦስተኛው ስለ ሐዋ ነው። ሦስተኛውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቱ አስገድዶኝ አይደለም፤ ሁለቱን ትቼ እሱን ብቻ ማንበብ እችል ነበር። አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። ስለ ትጋት አነበብኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ቀጥሎ ሽልማት ነው። ከሴቶች አንደኛ ለወጣችው እኔ ላፕቶፕና የምስክር ወረቀት እንድሰጥ ተጠራሁ። ደስታ ትባላለች፤ የነርስነት ተማሪ ናት፤ ከማንቡክ የመጣች ጉሙዝ። ከእሷ በፊት የተሸለሙት ስማቸው ሲጠራ እናት እልል ትላለች፣ አጎት አበባ ያጠልቃል። የደስታ ስም ሲጠራ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ! ቤተሰብ ይውጣ!» እያለ ይጮኻል። ደስታ ወደ አዳራሹ አየች፤ ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ ሩቅ ነው፤ መንገዱ አይመቻትም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ ቁሚልኝ።»

አጠገቧ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው «እህት ናት?» ሲላት «አዎ» አለችው።

ምሳ ላይ ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንደኛ ዓመት ላይ አማርኛው ከብዷት ልታቋርጥ እንደነበር አጫወተችኝ። «አንድ የዶርም ልጅ ነበረች» አለች። «ሁሌ ኖቱን አንብባ ታስረዳኛለች። ፈተና ላይ ሆና እንኳን ትታ ትመጣልኛለች። እሷ ባትኖር ዛሬ ማንቡክ ነበርኩ።» ከዚያ ዓይኔን አይታ «አንቺም ለሰው እንደዚህ አድርገሻል አይደል? ንግግርሽ ላይ ያስታውቃል» አለችኝ።

«አላደረግኩም» አልኳት። ትሕትና መስሏት ሳቀች።

ለእሑድ ማለዳ የመመለሻ አውቶቡስ ወንበር ይዤ ነበር። ከግቢው ስወጣ ደውዬ ሰረዝኩት። እማማ ዘሐራን «የመንጌ መኪና ከየት ነው የሚነሣው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ገበያው ጋ፤ በጊዜ ውጪ» ብቻ አሉኝ።

እሑድ

የመንጌው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። መንገዱ ቀይ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ ቀርከሃ። የእኛ አገር መንገድ ሜዳ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ታየዋለህ። እዚህ ቀርከሃው ሰውን ድንገት ያወጣዋል፣ ድንገት ይውጠዋል። ምን እንደምላት እየደጋገምኩ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

መንጌ ላይ ወርጄ አንድ ባለሱቅ ጠየቅኩ። «ሐዋ የምትባል፣ ድሮ አሶሳ ትማር የነበረች...»

«ሐዋ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትፈልገው?» አለኝ፤ እኔ ሴት መሆኔን አማርኛው ሳይቆጥርልኝ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላም ስሟ እንደዚያ ነው። ራሱ ሱቁን ለጎረቤት ትቶ እስከ ቤቷ አደረሰኝ።

የቀርከሃ አጥር፣ በደንብ የተጠረገ ግቢ፣ አንድ ትልቅ ማንጎ። ከሥሩ እናቷ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ባለሱቁ በበርታኛ ነገራቸውና ሄደ። እናቷ ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አንተ ሐዋ ጓደኛ?»

«አዎ።»

«ሐዋ ወንዝ ሄደ፣ ወርቅ። ይመጣል። ተፈደል፣ ተቀመጥ።»

ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ተቀመጥን። እሳቸው ከዚያ በላይ አማርኛ የላቸውም፤ እኔ አንድ ቃል በርታኛ አላውቅም፤ ከሐዋ ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል ኖሬ አንድ ቃል አልጠየቅኳትም። ማንጎ ልጠው ሰጡኝ። ገንፎ አመጡልኝ፤ ስበላ እያዩ ፈገግ ይላሉ። ፀሐይዋ ስትዞርብኝ በርጩማዬን ወደ ጥላው ጎተቱልኝ። እያንዳንዱን ስቀበላቸው ሌባ የሆንኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። ማሽላውን አብሬያቸው ለቀምኩ።

ሐዋ ወርቅ የምታጥብበትን የእንጨት ገበታ ራሷ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ ገባች። ከስታለች። ቆማ አየችኝ።

«መሠረት» አለች። ጠይቃ አይደለም።

ገበታውን አወረደች፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ጨበጠችኝ። እናቷ በደስታ የሆነ ነገር አሏት። ሐዋ ከፊቴ ቁጭ አለች።

«ለስብሰባ ነው የመጣሽው? ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነበር።»

«ለስብሰባም ነው።» ከዚያ በላይ ብቆይ እንደማልናገር አወቅኩ። «ሐዋ፣ የሐኪሙን ወረቀት አላስገባሁትም። ረስቼው ቀኑ አለፈ። አልተቀበሉትም ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ከገበታው ጠርዝ ላይ ጭቃ በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«በዓመቱ ራሴ ሬጅስትራር ሄድኩ። ሰውየው ፋይሌን አወጣ፣ ገለበጠ፤ ‹ምንም ወረቀት አልገባም› አለኝ። ስወጣ በመማሪያ ክፍል መስኮት አየሁሽ። ሰሌዳ ላይ ትጽፊ ነበር።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጠርቼሽ ምን ልልሽ? ውጪ ልልሽ?» ጭቃውን ጣለች። «አንድ ዓመት ሙሉ ተናደድኩ። ከዚያ ልጅ ወለድኩ፤ ለመናደድም ጊዜ አጣሁ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ...»

«ኸላስ» አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። «ለእኔ አትንገሪኝ። እኔ ድሮ አውቄዋለሁ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ‹ልጄ መማር አቃታት› ይል ነበር። አሞኝ ነው እለዋለሁ፤ ‹የታመመ ሰው ወረቀት ያመጣል› ይለኛል። እናቴም እንደሱ ነው የምታምነው። ከመጣሽ አይቀር ለእሷ ንገሪያት።»

«ቋንቋውን አላውቅም እኮ።»

«እኔ አለሁ።»

እንዲህ ሆነ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እናገራለሁ፤ ሐዋ ወደ በርታኛ ትመልሰዋለች። ሐዋ ሰነፍ አልነበረችም። ወረቀቱን ለእኔ ሰጥታኝ ነበር። እኔ ረሳሁት። ከዚያ ዋሸኋት። ሐዋ ድምጿን ሳታነሣ፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትነግር ሆና ነገረቻቸው። «ቀድጄ ጣልኩት» ስል ብቻ አንድ ጊዜ ቆመች። እሱን አታውቅም ነበር። ከዚያ እሱንም ነገረቻቸው።

እናቷ የያዙትን ማሽላ ሰፌዱ ላይ መለሱ። ረጅም ጊዜ እኔን ሳይሆን ልጃቸውን አዩ። እጃቸውን ዘርግተው የሐዋን ጉንጭ ዳሰሱ፤ በበርታኛ ቀስ ብለው ብዙ ነገር አሏት። ሐዋ ለእኔ አልተረጎመችውም። ጎንበስ ብላ ሰማች፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየሁ። አብረን ስንማር ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ወባው ሲጥላት እንኳን።

በመጨረሻ እናቷ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባት ይሄ አልሰማ» አሉኝ በአማርኛ። ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ እስክሄድ ድረስ አልወጡም።

ሐዋ ፊቷን ታጥባ መኪናው ወደሚቆምበት ሸኘችኝ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲላት ትመልሳለች፤ እኔን ግን ማን እንደሆንኩ ለማንም አልነገረችም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው አራት ብቻ ነበርን። ሾፌሩ እስኪሞላ አልነሣም አለ። ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ሐዋ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመች።

«ሂጂ፣ ሥራ አለብሽ» አልኳት።

«ይሙላ» አለችኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመች። አንድ ሁለቴ ሻሿን አስተካከለች፤ ላቧን ጠረገች። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን ቦርሳ እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር እዚያው አለች። በመጨረሻ ሦስት ሴቶች ከረጢት ይዘው ገቡና ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ሐዋ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ተመልሰሽ ነይ አልልሽም» አለች። «ከመጣሽ ግን ቤቱን አውቀሽዋል። ማንንም መጠየቅ የለብሽም።»

መኪናው ተነሣ።